ርካሹ የሞይስቸር መለኪያ ስንት ፈረሱላ በላ?

ዛሬ የዋጋ ዝርዝር የለም፣ ሰኞ ይመጣል። በውስጥ መስመር ደጋግማችሁ የጠየቃችሁኝን አንድ ነገር ልመልስ፦ «ያለን የእርጥበት መለኪያ ርካሽ ነው፣ ዘንድሮ የተሻለ መግዛት አስበናል፣ የቱን እንግዛ?» ጥያቄው ከዩኒየንም ከአቅራቢም መጥቷል።

መጀመሪያ እኔ ላይ የደረሰውን ልንገራችሁ። ባለፈው ዓመት አንድ መኪና የተቀሸረ ደረቅ ቡና አገናኘሁ። ሻጩ መጋዘን ሆነን ለካን፤ ሁለት መርፌ ያላት፣ በእጅ የምትያዝ መለኪያ ነበረች። 11.3 አለች። ውላችን 11.5 ስለነበር ተጨባበጥን፣ ተጫነ። አዲስ አበባ ገዢው መጋዘን ሲደርስ የጠረጴዛው ማሽን 12.7 አለ። ሻጭ «ማሽናችሁ ነው የተበላሸው» ይላል፣ ገዢ «አይራገፍም» ይላል። መኪናው ሁለት ቀን ቆመ። በመጨረሻ ናሙናው ላቦራቶሪ ገባና 12.5 ወጣ። የመኪና ማቆያው፣ ማራገፊያው፣ መልሶ ማድረቂያው ተደምሮ ሻጭ ላይ አረፈ፤ እኔም ኮሚሽኔን ለእርቅ ትቼ ወጣሁ። ጥፋቱ የኔም ነው። ያቺን መለኪያ ሳያት «ይቺማ» ብዬ ነበር፣ ግን ጭነቱ እንዳይዘገይ ዝም አልኩ።

አሁን አንድ ነጥብ ስንት እንደሆነ በሒሳብ እንየው። ባለ 60 ኪሎ 320 ጆንያ፣ ማለትም አንድ ኮንቴነር፣ 19,200 ኪሎ ነው። 11.5 ነው ብላችሁ የገዛችሁት እውነቱ 12.5 ከሆነ፣ ደርቆ 11.5 ሲደርስ 18,983 ኪሎ ይቀራችኋል። 217 ኪሎ ውሃ ገዝታችኋል ማለት ነው፤ ወደ 13 ፈረሱላ። አንድ ፓውንድ ቡና በ3 ዶላር ብንይዘው 1,435 ዶላር ገደማ። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ፍሬው ውስጥ ያለው ደረቅ ነገር አይለወጥም፣ የሚሄደው ውሃው ብቻ ነው። ክብደቱን በ(100 ሲቀነስ የድሮው እርጥበት) አባዙት፣ ለ(100 ሲቀነስ ለአዲሱ እርጥበት) አካፍሉት። በቃ።

«ይሄ የላኪ ጉዳይ ነው» የምትሉ ገበሬዎችና ማኅበራት ደግሞ ይቺን ስሙ። መለኪያችሁ ከፍ አድርጎ የሚያነብ ከሆነ የምትከስሩት እናንተ ናችሁ። 11.5 የደረሰውን ቡና «ገና 13 ነው» ይላችሁና አልጋ ላይ ታቆዩታላችሁ። 100 ኩንታል ከ11.5 ወደ 9.5 ከወረደ 221 ኪሎ ጠፋ፣ ልክ 13 ፈረሱላ። ማንም አልሰረቃችሁም፣ ፀሐይ ወሰደው። ከዚያ በላይ ደግሞ ከመጠን በላይ የደረቀ ቡና ሲቀሸር ይሰባበራል፣ ጣዕሙም ይሄዳል። ዓለም አቀፉ የቡና ድርጅት በ2004 እ.ኤ.አ. ያወጣው ውሳኔ ቁጥር 420 እርጥበቱ ከ8 በታችም ከ12.5 በላይም የሆነ ቡና እንዳይላክ የሚመክረው ለዚህ ነው፤ ሁለቱም ጫፍ ጉዳት አለው። ከ12.5 በላይ ሻጋታ ነው። ያውም ኮንቴነሩ ጅቡቲ ላይ ግሎ፣ አውሮፓ ሲደርስ ቀዝቅዞ፣ ጣሪያው ላይ ውሃ አቁሮ ጆንያው ላይ ሲያንጠባጥብበት።

ርካሿ መለኪያ ለምን ትዋሻለች? ባለ መርፌዋ አብዛኛውን ጊዜ የተሠራችው ለእንጨትና ለግድግዳ ነው። በሁለቱ መርፌ መካከል ኤሌክትሪክ ምን ያህል እንደሚያልፍ ታያለች፤ ፍሬው እርጥብ ሲሆን ብዙ ያልፋል። ችግሩ፣ ቡና እንደ ጣውላ አንድ ወጥ አይደለም፤ ፍሬና ፍሬ የሚነካካው በነጥብ ነው። ጫን ስትሏት ሌላ ቁጥር፣ ላላ ስትሉላት ሌላ ቁጥር። ከአልጋ ገና የተነሳ ቡና ደግሞ ላዩ ደርቆ ውስጡ እርጥብ ስለሆነ ዝቅ ብሎ ይነበባል፤ መጋዘን አድሮ ውስጡ ወደ ላይ ሲወጣ ቁጥሩም ይወጣል። የኛ መኪና ላይ የሆነውም ይሄው ይመስለኛል።

የተሻለው ዓይነት ናሙናውን ኩባያ ውስጥ ጨምሮ የኤሌክትሪክ መስክ ውስጥ የሚያስቀምጠው ነው። ውሃ ከደረቅ ፍሬ በብዙ እጥፍ ስለሚለይ ለውጡ ጎልቶ ይታያል። ነገር ግን ይሄም ሦስት ነገር ይፈልጋል፦ የናሙናው ክብደት ትክክል መሆን፣ ሙቀቱን ራሱ ማረም፣ እና ለዚያው እህል የተሠራ ስኬል። የስንዴ ስኬል ላይ ቡና የሚለካ ሰው አይቻለሁ። ለጀንፈል፣ ገለባው ላልተነሳለት የታጠበ ቡናና ለተቀሸረ ቡና እንኳ ስኬሉ የተለያየ ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልውጣ። እንግሊዝ አገር የሚኖር የአክስቴ ልጅ ካርፕ የሚባለውን ዓሣ ያጠምዳል። ቆቃና ዝዋይም ገብቷል፣ ታውቁታላችሁ። በርካሽ ዘንግ ጀመረ፤ ክሩ የሚያልፍባቸው ቀለበቶች እየተሰነጠቁ ክር ሲበጥሱበት ዘንጎቹን ሊቀይር ተነሳ። እኔ «ውዱን ግዛና ተገላገል» አልኩት። እሱ ግን በመጀመሪያ የጠየቀው ዋጋ ሳይሆን «ውሃዬ ምን ያህል ሰፊ ነው? ማጥመጃውን ስንት ሜትር ነው የምወረውረው?» የሚለውን ነበር። የካርፕ ዘንግ የሚለካው ጫፉን 90 ዲግሪ ለማጠፍ በሚያስፈልገው ክብደት ነው አለኝ። ለሰፊ ሐይቅና ለሩቅ ውርወራ 12 ጫማ ርዝመት ያለውና 3 ፓውንድና ከዚያ በላይ የሆነው፤ ለትንሽ ኩሬ ደግሞ አጠርና ለስለስ ያለው። ጠንካራው ዘንግ ቅርብ ላይ ዓሣውን ከመንጠቆ ያስለቅቃል። ስለዚህ ውዱ ለሁሉም አይሆንም። ከዚያ ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ? ዓሣውን መዝኖ፣ ፎቶ አንስቶ፣ መልሶ ውሃ ውስጥ ይለቀዋል! እሱን ለራሱ እንተወው፤ ጥያቄው ግን የኛም ጥያቄ ነው። መለኪያው የት ነው የሚሠራው?

አልጋ ላይ ወይም መሠረታዊ ማኅበር ደጅ ከሆነ፣ በባትሪ የሚሠራ፣ የቡና ስኬል ያለው፣ ሙቀት የሚያርም ተንቀሳቃሽ ይበቃል። የፊንላንዱ ዊሌ ለቡና ብቻ የተሠራ አለው። እዚህ የምትፈልጉት «ይነሳ ወይስ ይቆይ» የሚለውን ስለሆነ ግማሽ ነጥብ ቢስት አይገድልም። ዩኒየን መጋዘንና ላኪ ዘንድ ግን በቁጥሩ ገንዘብ ይቆረጣል፤ ናሙናውን መዝኖ የሚያነብ ማሽን ያስፈልጋል። የእንግሊዙ ሲናር፣ የጃፓኑ ኬት፣ የአሜሪካው ዲኪ ጆን የታወቁ ናቸው። ከአንዳቸውም ሳንቲም አላገኝም። በጀቱ ካልበቃ ለየማኅበሩ መካከለኛ ከማከፋፈል፣ ዩኒየኑ አንድ ጥሩ ገዝቶ የማኅበራቱን ትንንሾች በሱ እያመሳከረ ቢያርም ይሻላል ባይ ነኝ።

ልትገዙ ስትሄዱ ባዶ እጃችሁን አትሂዱ። ከአንዱ ቡና ሦስት ናሙና አየር በማያስገባ ዕቃ አሽጉ፣ አንዱን ላቦራቶሪ አስለኩ። የላቦራቶሪው ዘዴ ምድጃ ነው፤ ለጥሬ ቡና በአይኤስኦ 6673 መሠረት በ105 ዲግሪ 16 ሰዓት ይደርቅና የጎደለው ክብደት ይታያል። ዳኛው እሱ ነው። ቀሪውን ሻጩ ፊት አስለኩ፣ አምስት ጊዜ። አምስቱ ንባብ ተቀራርቦ ከላቦራቶሪው በእኩል የሚርቅ ከሆነ ማሽኑ ይታረማል፣ ችግር የለም። አንዴ 11፣ አንዴ 12.4 የሚል ከሆነ ግን ምንም ቢያምር ተዉት። ማረሚያ ቁልፍ አለው ወይ፣ እዚህ አገር የሚጠግነው ማነው፣ ይሄንንም ጠይቁ። መለዋወጫ የሌለው ውድ ማሽን መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ ስንት አይቻለሁ።

አለካክ ላይ አጭር ነገር፦ ከአንድ ጆንያ አፍ በእፍኝ አትውሰዱ፤ ከብዙ ጆንያ፣ ከመሃሉም ከታቹም፣ ቀላቅላችሁ። ከፀሐይ የተነሳውን ቢያንስ አሳድሩት። ሦስት ጊዜ ለክታችሁ አማካዩን ያዙ።

በቆሎ ለምትይዙ፣ ለማከማቸት የሚፈለገው 13.5ና ከዚያ በታች ነው። መለኪያ የሌለው ገበሬ ደረቅ ጠርሙስ ውስጥ በቆሎና በደንብ የደረቀ ጨው ጨምሮ፣ ነቅንቆ፣ ሩብ ሰዓት ይጠብቅ። ጨው ጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ እርጥበቱ ከ15 በላይ ነው፣ ጭራሽ አይከማችም። ካልተለጠፈ ግን 13.5 ደርሷል ማለት አይደለም፤ 14.5ም አይለጠፍም።

መለኪያው ምንም ይሁን፣ ውል ላይ ሁለት መስመር ጨምሩ፦ የመጨረሻው ቁጥር በማን መለኪያ እንደሆነ፣ እና ልዩነቱ ከ0.5 ካለፈ የትኛው ላቦራቶሪ እንደሚዳኝና ወጪውን ማን እንደሚከፍል። እኔ ከዚያ መኪና ወዲህ ይሄ ያልተጻፈበት ጭነት አላገናኝም። የመስመሩን አጻጻፍ የምትፈልጉ በውስጥ ጻፉልኝ፣ እልክላችኋለሁ።