ድንጋይ ላይ የምትለጠፈው ዓሣ

ባለፈው ሳምንት በንባብ ክፍላችን «ዓሣ» የሚለውን ቃል በሰሌዳ ላይ ጻፍኩ። «አንብቡ» አልኩ። ሁሉም አነበበ። ከኋላ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ግን ሳቅ አሉ።

«ምነው አባባ፣ ተሳሳትኩ እንዴ?»

«የለም ልጄ፣ አልተሳሳትክም። እኔ ይህችን ነገር ከ50 ዓመት በላይ በእጄ ስይዛት ኖሬያለሁ። በዓይኔ ሳነባት ግን ዛሬ ገና ነው። እሱ ነው ያሳቀኝ።»

ትምህርቱ ሲያልቅ ጠሩኝና «ቅዳሜ ጧት ና። አንተ ፊደሏን አሳየኸኝ፤ እኔ ደግሞ ራሷን አሳይሃለሁ» አሉኝ።

ቅዳሜ ጧት ከነቀምቴ ወደ ታች ወረድን። ከአንዲት ጅረት ደረስን። ጅረቷ ትንሽ ናት፤ ዘሎ መሻገር ይቻላል። ነገር ግን መንገዷ ረጅም ነው። ውሃዋ ወደ ደዴሳ ይገባል። ደዴሳ ወደ ዓባይ ይገባል። ዓባይም ሱዳንንና ግብፅን አልፎ ባሕር ይደርሳል።

ሽማግሌው ሱሪያቸውን ወደ ላይ ሰበሰቡና ውሃው ውስጥ ገቡ። ጎንበስ ብለው አንድ ድንጋይ በቀስታ አነሱ። ሌላው እጃቸው ከሥር ጠበቀ። ወዲያው አንዲት ዓሣ ይዘው ወጡ። ከመዳፋቸው አትበልጥም። መልኳ እንደ ድንጋዩ ነው፤ ጠቆር ያለ ቡናማ።

«በል እጅህን ዘርጋ» አሉኝ። ዘረጋሁ። ዓሣዋን በእጄ ላይ አስቀመጡና እጄን አዘነበሉት። አልወደቀችም! ተለጥፋ ቀረች።

ምስጢሩ ከአገጯ ሥር ነው። እዚያ ክብ የሆነ ሥጋ አላት። በእሱ ድንጋይ ላይ ትጣበቃለች። በክረምት ጎርፍ ሲመጣ ሌላው ሲወሰድ እሷ ድንጋይዋን ይዛ ትቆያለች። ምግቧም እዚያው ድንጋይ ላይ ነው። የሚያዳልጠውን አረንጓዴ ነገር፣ ማለትም አልጌ የሚባለውን፣ እየፋቀች ትበላለች።

ሊቃውንት የዚህችን ዓሣ ወገን «ጋራ» ይሉታል። ተራራ ማለታቸው አይደለም። ስሙ ከህንድ አገር የመጣ ነው። በአገራችን በብዛት የምትገኘዋን «ጋራ ደምቤንሲስ» ይሏታል። ይህን ስም ያወጣላት በ1830ዎቹ (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ወደ ኢትዮጵያ የመጣው ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል ነው። ስሙ የጣና ዳር አገር የሆነችውን ደምቢያን ያስታውሳል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2007 ደግሞ ኢትዮጵያዊው የዓሣ ሊቅ አበበ ጌታሁን ከአንዲት ሌላ የዓሣ ሊቅ ጋር ሆነው ከዚሁ ወገን ቀድሞ ስም ያልነበራቸውን ዓሦች ለዓለም አስታወቁ። ከእነዚህ አንዷ «ጋራ ደምበጫ» ትባላለች። እንግዲህ የእኛ ትናንሽ ጅረቶች ገና ያልተነበበ መጽሐፍ ናቸው ማለት ነው።

በቱርክ አገርም ዘመድ አላት። ካንጋል በሚባል ቦታ ፍል ውሃ አለ። ቆዳቸው የታመመ ሰዎች እዚያ ይነከራሉ። ዓሦቹም የሞተውን ቆዳ ይለቅሙላቸዋል። ስለዚህ «ሐኪም ዓሣ» ይሏታል።

አያያዟ እንዴት ነው?

ዓሣ ፊቷን ወደ ውሃው መምጫ አዙራ ትቆማለች። ስለዚህ ሰው ከታች ወደ ላይ፣ ከኋላዋ መምጣት አለበት። ጥላው ውሃው ላይ እንዳያርፍ ይጠንቀቅ። ጥላ ካየች ትሸሻለች። ሁለት ሰዎች ከሆኑ ደግሞ አንዱ ከታች ቅርጫት ይደግናል። ሌላው ከላይ ድንጋዩን ያነሳል። ውሃው ራሱ ዓሣዋን ወደ ቅርጫቱ ይወስዳታል። ድንጋዩ በኋላ እንደነበረ ይመለስ። ቤቷ ነውና።

እጅን ወደማይታይ ጉድጓድ መስደድ ግን አደጋ አለው። አባቶች «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» የሚሉት በከንቱ አይደለም። ተረቱ ሳያስፈልገው ነገር የሚቆሰቁስ ሰው ያልፈለገውን ያገኛል ለማለት ነው። ወንዝ ዳር ግን ቃል በቃል እውነት ነው። እባብም ጉድጓድ ይወዳል።

ስለ ውሃና ስለ ዓሣ ሌላም ብዙ ይወራል። ጦቢት የተባለው ሰው ዓይኑ ታውሮ ሳለ፣ ልጁ ጦብያ በመልአኩ ሩፋኤል ምክር የዓሣ ሐሞት ቀብቶ እንደፈወሰው በመጽሐፈ ጦቢት ተጽፏል። ጳጉሜ 3 የሩፋኤል ዕለት ዝናብ ሲጥል ልጆች ወጥተው የሚታጠቡት መልአኩን በማሰብ ነው።

«በቀትር ወንዝ ዳር አትሂድ፣ ይለክፍሃል» ሲባልም ሰምተን አድገናል። የሚለክፈው ጋኔን ነው ይባል ነበር። ዛሬ የምናውቀው ሌላ ለካፊ አለ። እሱም ቢልሃርዝያ ነው። ይህ በሽታ በፊንጫ ሸለቆም የታወቀ ነው። የበሽታው ትል በቀንድ አውጣ ውስጥ ያድጋል። ከዚያ ወደ ውሃው ይወጣና በሰው ቆዳ በኩል ይገባል። በአንጀት የሚቀመጠው ዓይነት በብዛት የሚወጣው ፀሐይ በምትበረታበት ሰዓት ነው። እንግዲህ ምክንያቱ ቢለያይም ምክሩ ጥሩ ነበር። ሰገራ ወደ ውሃ አይግባ። በሆዱ ሕመም ያለበት፣ ከሰገራው ጋር ደም የሚያይ ሰው ጤና ጣቢያ ሄዶ ይመርመር። መድኃኒት አለው።

ከዚያ ሽማግሌው ወደ አንድ ኩሬ ወሰዱኝ። ውሃው ጥሩ ነው። ድንጋዩም ብዙ ነው። አንዱን አነሱ፤ ባዶ። ሌላውን አነሱ፤ ባዶ። አምስት ድንጋይ አነሱ። አንዲት ዓሣ አላገኘንም።

«ምን ሆነው ነው አባባ?»

«ብርብራ» አሉ።

ብርብራን የማያውቅ የለም። ለቡና ጥላ የሚሆነው ዛፍ ነው። ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር በተፈጥሮ አይበቅልም። ፍሬው ተወቅጦ ውሃ ውስጥ ሲጨመር ዓሣው ሰክሮ ይንሳፈፋል። ምክንያቱ በፍሬው ውስጥ ሮቴኖን የሚባል መርዝ መኖሩ ነው። መርዙ ዓሣው በሚተነፍስበት በኩል ይገባና ሰውነቱ አየር እንዳይጠቀም ያደርገዋል። ዓሣው ውሃ መሐል ሆኖ ይታፈናል።

ሰው ትልቁን ለቅሞ ይሄዳል። ትንሿ ግን የሚለቅማት የለም። ጫጩቷም ታልቃለች። ዓሣው ብቻ ሳይሆን ዓሣው የሚመገባቸው ትናንሽ ነፍሳትም ያልቃሉ።

«ታዲያ ይህን የሚያደርጉትን ለምን ዝም አሏቸው?» አልኩ።

ሽማግሌው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ጥቂት ቆይተው እንዲህ አሉኝ፦ «ምን ብዬ ልቆጣ ልጄ? ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ። እኔ ልጄን አስተማርኩ፤ ልጄ ልጁን አስተማረ። ያን ጊዜ ውሃው የማያልቅ መስሎን ነበር። በአንድ ቀን ጆንያ ሞልተን ወጣን። ጨፈርን። በዓመቱ ተመልሰን መጣን። ምንም የለም።»

እኔም የምናዘዘው ነገር አለኝ። በልጅነቴ ከጓደኞቼ ጋር ብርብራ ወቅጫለሁ። ጨዋታ ነበር የመሰለን። ከታች ከብት የሚያጠጣ፣ ውሃ የሚቀዳ ሰው መኖሩን አላሰብንም።

ተክል ሁሉ መርዙ ክፉ ነው ማለት አይደለም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ በአድዋ ሴቶች ወንዝ ዳር በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ አዩ። ከዚያው ዘንድ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ነበር። ዶክተሩ ነገሩን መረመሩ። እንዶድ የቢልሃርዝያን ተሸካሚ ቀንድ አውጣ እንደሚገድል አረጋገጡ። ለዚህም በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት አገኙ። ይሁን እንጂ እንዶድም ዓሣ ይገድላል። ስለዚህ የት፣ መቼና ስንት እንደሚጨመር ማወቅ ያስፈልጋል። ባለማወቅ መጨመር ጉዳት ነው።

ከብርብራም የከፋ አለ። አንዳንድ ሰው ለእህል የሚረጨውን የተባይ መርዝ ውሃ ውስጥ ይጨምራል። ይህ የበላውንም፣ የጠጣውንም ሰው ሊገድል ይችላል። በአጎበር ማጥመድም ጥፋት ነው። የአጎበር ቀዳዳ ጠባብ ስለሆነ ጫጩቱን ሁሉ ይጠርጋል። ደግሞስ ደዴሳ ሸለቆ ወባ ባለበት አገር አጎበሩ ከአልጋ ላይ ሲወርድ ልጆቹን ማን ይጠብቃቸዋል? በመርዝ ዓሣ ማጥመድን ሕግም ይከለክላል። አዋጁ በ1995 ዓ.ም. የወጣው የዓሣ ሀብት አዋጅ ቁጥር 315 ነው።

አባቶች «ዓሣን መብላት በብልሃት» ብለዋል። እሾህ ስላለው ነው። መያዙም በብልሃት ቢሆን ለልጅ ይተርፋል።

ማክሰኞ ዕለት ሽማግሌው ወደ ክፍል ጣውላ ይዘው መጡ። በከሰል ጽፈውበታል፦ «እዚህ ውሃ ብርብራ አይጨመር። አሳ ያልቃል።» ከሥሩ የልጅ ልጃቸው ያንኑ ቃል በኦሮምኛ ጽፎበታል። በኦሮምኛ ዓሣ ቁርጡሚ ነው።

«አባባ፣ እኔ ያስተማርኩዎት በዓይኑ ዓ እና በንጉሡ ሣ ነበር» አልኳቸው።

«ይነበባል ወይስ አይነበብም?»

«ይነበባል።»

«እንግዲያው ይበቃል። ፊደሉን ስናስተካክል ዓሣው እንዳያልቅ» አሉና ጣውላውን ይዘው ወደ ጅረቱ ሄዱ።

ተወያዩበት

1. በሰፈራችሁ ጅረት ውስጥ ድንጋይ ላይ የምትለጠፍ ዓሣ አለች? ድሮስ ነበረች? ሽማግሌዎችን ጠይቁ።

2. ብርብራ የተጨመረበት ውሃ ወደ ማን ሰፈር ይወርዳል?

3. እናንተ ጣውላ ላይ ብትጽፉ ምን ብላችሁ ትጽፋላችሁ? በደብተራችሁ ጻፉና ለጎረቤታችሁ አንብቡለት።