ትነሳና ትጠፋለች፦ የመኪናን የኤሌክትሪክ ችግር በምትጠፋበት ሰዓት መለየት

ቁልፉን ታዞራላችሁ፣ መኪናዋ ትነሳለች፣ ከዚያ ድርግም ብላ ትጠፋለች። እንደገና ትሞክራላችሁ፣ አሁንም ያው። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ መጀመሪያ የሚገዛው ባትሪ ነው። ለዚህ ምልክት ግን ባትሪ ከተጠርጣሪዎቹ መጨረሻ መምጣት አለበት። ሞተሪኖው ሞተሩን ለማስነሳት የሚስበውን ከባድ ኃይል መስጠት የቻለ ባትሪ፣ ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ አያቅተውም። ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት "መቼ ነው የምትጠፋው?" ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ብቻውን የምርመራውን ግማሽ ይጨርሳል።

አጠፋፏንም ተመልከቱ። ነዳጅ ያጠረው ሞተር ይንተፋተፋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ከዚያ ይጠፋል። ኤሌክትሪክ የተቋረጠበት ግን ቁልፉን እንደዘጋችሁበት በአንዴ ጸጥ ይላል። ልዩነቱ ሁልጊዜ ጥርት ያለ አይደለም። የነዳጅ ፓምፑም በኤሌክትሪክ ስለሚሠራ፣ የእሱ ሬሌ ሲበላሽ ምልክቱ የነዳጅ ችግር ይመስላል።

ተነስታ በአንድ ወይም በሁለት ሰከንድ ውስጥ የምትጠፋ ከሆነ መጀመሪያ የሌባ መከላከያውን፣ ማለትም ኢሞቢላይዘሩን ጠርጥሩ። ቁልፉ ውስጥ ያለችው ቺፕ ከመኪናዋ ኮምፒውተር ጋር ካልተግባባች ኮምፒውተሩ ነዳጁን ይዘጋል። በብዙ ቮልስዋገን መኪኖች ላይ ምልክቱ ልክ እንዲህ ነው። ዳሽቦርዱ ላይ የቁልፍ ወይም የመኪና ምልክት ብልጭ ድርግም ሲል ታያላችሁ። ሁለተኛውን ቁልፍ ሞክሩ፤ ሌላ ቺፕ ያለው ቁልፍ በአንድ ማንጠልጠያ ላይ ካለም ለዩት። በ1990ዎቹ መጨረሻና በ2000ዎቹ የተሠሩ፣ ፓስሎክ የሚባለው መከላከያ ያላቸው የጀነራል ሞተርስ መኪኖች ደግሞ የራሳቸው ዘዴ አላቸው። መኪናዋ ከጠፋች በኋላ ቁልፉን "ኦን" ላይ ትታችሁ የሴኪዩሪቲው መብራት እስኪጠፋ 10 ደቂቃ ያህል ጠብቁ፣ ዝጉት፣ ከዚያ አስነሱ። አንዳንዶቹ ይህ ሦስት ጊዜ እንዲደገምላቸው ይፈልጋሉ።

ቁልፉን ይዛችሁ ስታዞሩ እየሠራች፣ እጃችሁን ስትለቁ የምትጠፋ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። የቁልፉ ማብሪያ፣ ኢግኒሽን ስዊች የሚባለው፣ ለማስነሻና ለመሥሪያ የተለያዩ መገናኛዎች አሉት። የመሥሪያው ሲያረጅ ወይም ሲቃጠል ሞተሩ የሚኖረው ቁልፉ ማስነሻው ላይ እስካለ ድረስ ብቻ ነው። እየነዳችሁ ቁልፉን ቀስ ብላችሁ አታነቃንቁ፤ ይህን ፈተና ቆማችሁ አድርጉት። ጀነራል ሞተርስ በ2014 እንደ ሼቭሮሌ ኮባልትና ሳተርን አዮን ያሉ 2.6 ሚሊዮን ያህል መኪኖችን የጠራው በዚሁ ማብሪያ ምክንያት ነበር። ቁልፉ በራሱ ተንሸራቶ ሞተሩን ያጠፋ ነበር፤ ኤርባጉም አብሮ ይጠፋል። ኩባንያው ባቋቋመው የካሳ ፈንድ 124 ሞቶች ከዚህ ጉድለት ጋር ተያይዘዋል።

እየሄደች ድንገት ከጠፋች መሪው ይከብዳል እንጂ አይቆለፍም። ፍሬኑም አንድ ሁለት ጊዜ በደንብ ይይዛል፣ ከዚያ ግን ይጠነክራል። ስለዚህ ፍሬኑን ደጋግማችሁ አትምቱ፤ አንድ ጊዜ አጥብቃችሁ ያዙ፣ አደገኛ ምልክቱን አብሩ፣ ወደ ጠርዝ ውጡ። ሙሉ በሙሉ ሳትቆሙ ቁልፉን አታውጡ፣ ያኔ ነው መሪው የሚቆለፈው።

አሁን ወደ አስቸጋሪው እንምጣ። ቀዝቃዛ እያለች ደህና የምትሠራ፣ ከሞቀች በኋላ የምትጠፋ፣ ግማሽ ሰዓት አርፋ ምንም እንዳልሆነች የምትነሳ መኪና አለች። መካኒኩ ጋ ስትደርሱ ደህና ስለምትሆን "ምንም የለባትም" ትባላላችሁ። እዚህ ላይ ሁለት ተጠርጣሪዎች አሉ። አንዱ የክራንክሻፍት ሴንሰር ነው። ሞተሩ መዞሩን ለኮምፒውተሩ የሚናገረው እሱ ነው፤ ውስጡ ያለው ሽቦ ሲሞቅ ከተቋረጠ ኮምፒውተሩ ሞተሩ የቆመ ይመስለውና እሳቱን ያቆማል። ሌላው ሬሌ ነው። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ የሆንዳ ሲቪክና አኮርድ መኪኖች ዋናው ሬሌ ውስጥ ያለው ብየዳ ይሰነጠቅ ነበር፤ በሞቃት ቀን ይለያያል፣ ሲቀዘቅዝ ይገናኛል። ለመለየት መኪናዋ በጠፋችበት ሰዓት ሳታስነሱ ቁልፉን "ኦን" ላይ አድርጉና ጆሯችሁን ወደ ኋላ ወንበር ስጡ። ፓምፑ ለሁለት ሰከንድ ያህል እምም ማለት አለበት። ዝም ካለ ሬሌውን፣ ፊውዙን ወይም ፓምፑን ተከተሉ።

ለሴንሰሩ ስልካችሁ ይበቃል። አሜሪካ ውስጥ ከ1996 ሞዴል ጀምሮ፣ አውሮፓ ውስጥ ለቤንዚን መኪኖች ከ2001 ጀምሮ፣ መሪው ሥር ኦቢዲ 2 የሚባል መሰኪያ አለ። ኢኤልኤም 327 የተባለውን ርካሽ ማንበቢያ ሰክታችሁ እንደ ቶርክ ወይም ካር ስካነር ባለ አፕ ኮዱን ታነባላችሁ። አይፎን ያላችሁ ተጠንቀቁ፤ የድሮው ብሉቱዝ ያለው ማንበቢያ ከአይፎን ጋር አይሠራም፣ ብሉቱዝ 4 ወይም ዋይፋይ ያለውን ግዙ። ፒ0335 ካያችሁ የክራንክሻፍት ሴንሰር መስመር ነው፣ ፒ0340 የካምሻፍት፣ ፒ0562 የቮልቴጅ ማነስ። ኮዱ መስመሩን እንጂ ዕቃውን አይወቅስም፤ የተበላ ሽቦም ያንኑ ኮድ ያወጣል። ኮድ ካልወጣ አፑ የሞተሩን ዙር እንዲመዘግብ አድርጋችሁ ንዱ። ሞተሩ ገና በጉልበቱ እየዞረ ሳለ ቁጥሩ ከ2000 በአንዴ ዜሮ ከገባ ሴንሰሩ ላይ ያለው ጥርጣሬ ይጠነክራል።

መብራቱ እየደበዘዘ፣ ሬዲዮው እየተቆራረጠ፣ የዳሽቦርዱ መብራቶች አንድ በአንድ እየበሩ የምትጠፋ ከሆነ ዲናሞው ነው፣ ወይም ቺንጋው። በ15 ዶላር መልቲሜትር ይለያል። ሞተሩ ጠፍቶ ባትሪው 12.6 ቮልት ያህል፣ ሞተሩ ሲሠራ ደግሞ በአብዛኛው ከ13.5 እስከ 14.7 ማሳየት አለበት። ሞተሩ እየሠራ ከ12.6 እየወረደ ከሄደ ዲናሞው እየሞላ አይደለም። አገር ቤት የተለመደውን፣ ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ገመድ ነቅሎ መሞከርን ግን እርሱት። በዚያች ቅጽበት ቮልቴጁ ብዙ እጥፍ ሊዘልና የመኪናዋን ኮምፒውተር ሊያቃጥል ይችላል።

ጉድጓድ ስትመታ የምትጠፋ መኪና ብዙውን ጊዜ ያላላ ነገር አለባት። የባትሪውን ራስ በእጃችሁ ሞክሩ፤ ከተነቃነቀ አገኛችሁት። ካልሆነ ማሳውን፣ ማለትም ከኔጌቲቭ ወደ ሞተሩና ወደ ቦዲው የሚሄደውን ሽቦ ፈትሹ። ሞተሩ እየሠራ፣ የፊት መብራትና ማራገቢያ በርቶ፣ የመልቲሜትሩን አንድ ጫፍ ባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን የሞተሩ ብረት ላይ አድርጉ። ከ0.2 ቮልት በላይ ካሳየ ሽቦው ዝጓል ወይም ላልቷል። በረዶን በጨው በሚያቀልጡ አገሮች ይህ የዘወትር ነገር ነው፤ ጥገናውም የብረት ብሩሽና አንድ ቁልፍ ነው።

ባትሪ ከተቀየረ ወይም ከተነቀለ ማግስት የጀመረ ከሆነ ደግሞ ላይበላሽ ይችላል። ኮምፒውተሩ ሞተሩ በቆመበት እንዲሠራ ስንት አየር እንደሚያስፈልግ የተማረውን ረስቷል። ኒሳንና ሆንዳን ጨምሮ ብዙ መኪኖች መልሰው የሚማሩበት ሥርዓት አላቸው፤ የመኪናችሁን ሞዴል ጠቅሳችሁ "አይድል ሪለርን" ብላችሁ ፈልጉ።

ጋራዥ መሄድ ግድ ከሆነ የምትጠፋበትን ሰዓት፣ ኮዱንና የቮልቴጁን ቁጥር ጽፋችሁ ሂዱ። የአገር ቤቱ የጣሊያን ስሞች እዚያ አይሠሩም፦ ዲናሞ ስትሉ አልተርኔተር፣ ሞተሪኖ ስትሉ ስታርተር፣ ቦቢና ስትሉ ኢግኒሽን ኮይል፣ ካንዴላ ስትሉ ስፓርክ ፕላግ፣ ማሳ ስትሉ ግራውንድ በሉ። አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ ከመክፈላችሁ በፊት 17 ፊደልና ቁጥር ያለውን የቻሲ ቁጥር በመንግሥቱ የትራፊክ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ አስገቡ። ክፍት ሪኮል ካለ ጥገናው በአብዛኛው በነፃ ነው።