«መጀመሪያ እንብላ»፦ ስለ ትምህርትና ምርምር በጀት ስድስት ተረቶችና እውነታቸው

በሶማሌ ክልል ሲቲ ዞን፣ ከጅቡቲ ድንበር አጠገብ ያለችው አይሻ የመንግሥት ገንዘብ ያልደረሰባት ወረዳ አይደለችም። ከአዲስ አበባ ወደ ጅቡቲ የሚወስደው የባቡር ሐዲድ ያቋርጣታል። 120 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ የታቀደው የአይሻ 2 የነፋስ ኃይል ማመንጫ 48 ተርባይኖች የተተከሉትም በእሷው መሬት ላይ ነው። በዚያው መሬት አርብቶ አደሩ ግመሉንና ፍየሉን እየነዳ ሣርና ውኃ ፍለጋ ይንከራተታል።

ለሐዲድና ለተርባይን ገንዘብ ሲመደብ «ምን ያደርጋል?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው። ለትምህርት ቤት፣ ከዚያም አልፎ ለላቦራቶሪና ለምርምር ሲመደብ ግን ከአይሻ እስከ ጅግጅጋ፣ ከሻይ ቤት እስከ ምክር ቤት አዳራሽ ተመሳሳይ ጥርጣሬዎች ይሰማሉ። ብዙዎቹ የሚነሱት ከቅን ልብ ነው። በጀት የሚወስኑትን ሰዎች ስለሚያሳስቱ ግን አንድ በአንድ ሊመለሱ ይገባል።

ተረት 1፦ «እንደኛ ላለ ደሃ አገር ምርምር ቅንጦት ነው፤ መጀመሪያ እንብላ»

«መጀመሪያ የመቀመጫዬን» የሚለው ብሂል የሚጠቀሰው እዚህ ላይ ነው። ለአርብቶ አደር ግን መብል ማለት ከብት ነው፤ ከብቱን ከሞት ያተረፈው ደግሞ ምርምር ነው።

በ1880 ዓ.ም. ገደማ በምፅዋ በኩል የገባው የከብት ደስታ በሽታ የአገሪቱን ከብት አብዛኛውን ፈጀ። ተከትሎት የመጣው ረኃብ እስከ ዛሬ «ክፉ ቀን» ተብሎ ይታወሳል። በሽታው ከዚያ በኋላም መቶ ዓመት አብሮን ኖሯል። ክትባት ተገኝቶለት ነበር፤ ችግሩ ክትባቱ ያለ ማቀዝቀዣ መቆየት አለመቻሉ ነበር። እንደ አይሻና አፋር ባለ ቆላ፣ መኪና በማይገባበትና መብራት በሌለበት ሰፈር፣ መርፌው ከብቱ ጋ ሳይደርስ መድኃኒቱ ይበላሽ ነበር።

ተመራማሪዎች ይህን አንድ ችግር ይዘው ሠሩበት። ከማቀዝቀዣ ውጪ አንድ ወር ያህል የሚቆይ ደረቅ ክትባት አዘጋጁ። ከዚያም ከአርብቶ አደሩ መካከል ሰዎች ተመርጠው ሠለጠኑ፤ ክትባቱን ተሸክመው መንጋው ወዳለበት በእግራቸው ሄዱ። በኢትዮጵያ የመጨረሻው ወረርሽኝ እ.ኤ.አ. በ1995 አፋር ውስጥ ታየ። በ2003 ዓ.ም. ደግሞ ዓለም ከበሽታው ነፃ መሆኗ ታወጀ። ከፈንጣጣ ቀጥሎ የሰው ልጅ ከምድር ያጠፋው ሁለተኛው በሽታ ይህ ነው። ዛሬ በግና ፍየል ለሚፈጀው ፒፒአር ለተባለው በሽታ ክትባት የሚያመርተው ተቋምም ቢሾፍቱ ውስጥ ያለ የመንግሥት ተቋም ነው።

ምርመራ ሲጎድል የሚደርሰውንም አይተናል። በ1993 ዓ.ም. መጀመሪያ የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት በሳዑዲ ዓረቢያና በየመን ሲነሳ የባሕረ ሰላጤው አገሮች ከአፍሪካ ቀንድ የሚሄደውን የቁም እንስሳ አገዱ። ከክልላችን ተነድቶ በበርበራ ወደብ የሚጫነው በግና ፍየል ገበያ አጣ። ሳዑዲ ዓረቢያ እገዳውን ያነሳችው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። ነጋዴው በጎቼ ጤነኛ ናቸው ብሎ ቢምል ገዢው አገር አይሰማውም፤ የሚቀበለው የላቦራቶሪ ውጤት ነው። ላቦራቶሪ ለሌለው አርብቶ አደር ጤነኛ በግ እንኳ ገንዘብ ላይሆን ይችላል።

ተረት 2፦ «እውቀትን ከውጭ መግዛት ይቀላል»

የሚገዛ እውቀት አለ። በመስከረም 2009 የተመረቀውን የአዲስ አበባ–ጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር ብንወስድ ዕቃውም ቴክኖሎጂውም ከቻይና መጥቷል። የንግድ አገልግሎት ከጀመረ በኋላ ደግሞ ለስድስት ዓመት ያስተዳደሩት የቻይና ኩባንያዎች ነበሩ፤ ለኢትዮጵያና ለጅቡቲ ያስረከቡት በ2016 ዓ.ም. ነው። ባቡሩን ገዝተን ስናበቃ የሚነዳውን፣ የሚጠግነውንና የሚያስተዳድረውን ሰው ለማፍራት ዓመታት ፈጅቶብናል። ማሽን በብድር ይመጣል፤ ባለሙያ ግን ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ካልተማረ በብድር አይገኝም።

ሳይመረመር የገባ መፍትሔ ምን ያህል እንደሚያስከፍል ለማየት ፕሮሶፒስ የተባለውን እሾሃማ ዛፍ መመልከት ይበቃል። ከሃምሳ ዓመት ገደማ በፊት በረሃማነትን ይገታል ተብሎ ከውጭ ገባ። ፍሬው ጣፋጭ ስለሆነ ፍየልም ከብትም ግመልም ይበላዋል። ጠንካራው ዘር በሆዳቸው ውስጥ ሳይፈጭ ያልፍና ከፋንድያው ጋር አዲስ ቦታ ላይ ይወድቃል፤ ዝናብ ሲያገኝ ይበቅላል። ሥሩ ወደ ጥልቅ ውኃ ይወርዳል፣ እሾሁ የእንስሳውን እግር ይወጋል፣ ጥላው ሥር ሣር አይበቅልም። አፋር ውስጥ ከአንድ ሚሊዮን ሄክታር በላይ ወርሯል፤ ድሬዳዋ ዙሪያና ሲቲ ዞንም ደርሷል። አርብቶ አደሩ መንጋውን ይዞ በሄደበት ሁሉ ሳያውቀው ዘሩን ይዘራዋል። ዛፉ በሰፊው ከመተከሉ በፊት በአንድ የተከለለ ማሳ ላይ ጥቂት ዓመት ቢፈተን ኖሮ የሚያወጣው ወጪ፣ ዛሬ እሱን ለመንቀል ከሚጠየቀው ጋር አይወዳደርም።

ተረት 3፦ «አርብቶ አደር ልጁን ማስተማር አይፈልግም»

ይህን የሚል ሰው ዱግሲውን፣ የሶማሌውን የቁርኣን ትምህርት ቤት፣ አላየም። የሶማሌ አርብቶ አደር መንግሥት አንድ ትምህርት ቤት ሳይከፍትለት በፊት የራሱን ዱግሲ አቋቁሞ ኖሯል። መዓሊሙ፣ ማለትም መምህሩ፣ ከሰፈሩ ጋር አብሮ ይጓዛል። ልጆቹ በእንጨት ሰሌዳ፣ በሎሕ፣ ላይ ከከሰል በተበጠበጠ ቀለም ይጽፋሉ፤ ያጠኑትን አጥበው የሚቀጥለውን ይጽፋሉ። የመምህሩን ድካም የሚከፍሉት ወላጆች ናቸው፤ ብር ከሌላቸው ከመንጋቸው ይሰጣሉ። ለመማር የሚከፍል፣ መምህሩንም ይዞ የሚሰደድ ሕዝብ ትምህርት አይወድም ሊባል አይችልም።

ያልተስማማው የትምህርቱ አቀራረብ ነው። መንደሩ ሲንቀሳቀስ ትምህርት ቤቱ ቆሞ ይቀራል። ሴት ልጅ ውኃ ለመቅዳት ግማሽ ቀን ስትሄድ ትምህርቱ ያለ እሷ ይቀጥላል። በ2008 ዓ.ም. ሲቲ ዞንን ክፉኛ እንደመታው ያለ ድርቅ ሲመጣ ደግሞ ቤተሰብ ከነልጆቹ ይሰደዳል።

መፍትሔዎቹ ተፈትነው የታወቁ ናቸው። የአማራጭ መሠረታዊ ትምህርት ጣቢያዎች የመጀመሪያዎቹን አራት ክፍሎች ይዘት በሦስት ዓመት ይሰጣሉ፤ ሰዓታቸውን ከግጦሽና ከውኃ ሥራው ጋር ያስማማሉ፤ መምህራቸውም ከዚያው ማኅበረሰብ የተገኘ ሰው ነው። ከፍ ላሉት ክፍሎች አዳሪ ትምህርት ቤት፣ በድርቅ ጊዜ ደግሞ የትምህርት ቤት ምገባ አለ። በ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ መሠረት በሶማሊኛ መማር መቻሉም ልጁ በማያውቀው ቋንቋ ፊደል ከመቁጠር አድኖታል። ይህ ሁሉ ግን በነፍስ ወከፍ ሲሰላ ከከተማ ትምህርት ይበልጥ ያስወጣል። ለጅግጅጋ ከተማ ልጅና ለአይሻ አርብቶ አደር ልጅ እኩል ብር መመደብ እኩል ዕድል መስጠት አይደለም።

ተረት 4፦ «ዩኒቨርሲቲ ተከፍቷል፤ ስለዚህ ትምህርት ተስፋፍቷል»

የጅግጅጋ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. መከፈቱ ለክልሉ ትልቅ ድል ነው። ከዚያ በፊት የዚህ አካባቢ ወጣት ለከፍተኛ ትምህርት ሐሮማያ ወይም አዲስ አበባ መሄድ ነበረበት። በአገር ደረጃም የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ቁጥር በአንድ ትውልድ ዕድሜ ከሁለት ተነሥቶ ከ40 አልፏል።

ከሥር ያለው ግን አልጠነከረም። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት ሲገለጽ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2017ቱ ፈተና ቁጥሩ ወደ 8.4 በመቶ ከፍ ብሏል። መሻሻል ነው፤ ሆኖም ከአሥሩ ዘጠኙ አሁንም አላለፉም። እነዚህ ልጆች የወደቁት በፈተናው ሳምንት አይደለም። አንደኛና ሁለተኛ ክፍል ሳሉ ማንበብ ሳይችሉ ሲታለፉ የተጀመረ ውድቀት ነው።

ገንዘቡ የት እንደሚሄድ መመልከት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ኢትዮጵያ ለትምህርት የምትመድበው በጀት ከወጪዋ አንጻር ሲታይ ትንሽ የሚባል አልነበረም፤ ከመንግሥት ወጪ ሩብ ያህሉ የተመደበባቸው ዓመታት ነበሩ። በወረዳ ደረጃ ግን አብዛኛው ለደመወዝ ይውላል። ደመወዝ መከፈል አለበት፤ የመምህሩም ኑሮ መሻሻል አለበት። ከደመወዙ በኋላ ለመጽሐፍ፣ ለመምህራን ሥልጠና፣ ለውኃና ለመጸዳጃ ቤት የሚተርፍ ከሌለ ግን ልጁ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ሳይማር ይውላል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 መንግሥት ለትምህርት የሚመድበውን ሀብት እየጨመረ እንዲሄድ ያስገድዳል። ጭማሪው ከታችኛው ክፍል መጀመር አለበት።

ተረት 5፦ «የተማረው ይሰደዳል፤ ገንዘቡን ውኃ በላው»

ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ ወሎንኮሚ ውስጥ፣ ወለሉ ጭቃ በሆነ ባለ አንድ ክፍል ሣር ቤት ነው የተወለዱት። ለትምህርት በእግራቸው 20 ኪሎ ሜትር ይጓዙ ነበር። ከዚያ ጅማ የእርሻ ትምህርት ቤት፣ ቀጥሎ ዓለማያ ኮሌጅ ገብተው በ1965 ዓ.ም. ተመረቁ። ኑሯቸውና ሥራቸው ኋላ አሜሪካ፣ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። የሠሩት ግን በአፍሪካ ገበሬ ችግር ላይ ነው። ድርቅ የሚችል ድቅል ማሽላ ለሱዳን አዘጋጁ፤ ቀጥሎም የማሽላን ሥር እየመጠጠ የሚያደርቀውን አቀንጭራ የሚቋቋሙ ዝርያዎች አወጡ። እነዚህ ዝርያዎች ኢትዮጵያም ደርሰዋል። እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማት ተሰጣቸው። ከጅግጅጋ ሜዳ እስከ ሐረርጌ ደጋ ማሽላ ለሚዘራ ገበሬ ያ የትምህርት ወጪ አልባከነም።

ሰው የሚሄድበት ምክንያት አለ። ተመራማሪው መሣሪያ ኖሮት ኬሚካል ካጣ፣ መኪና ኖሮት ነዳጅ ካጣ፣ የጀመረው ጥናት በሁለተኛው ዓመት በጀቱ ከተቋረጠ መሄዱ አያስገርምም። ማስተማርን ማቆም ስደቱን አይቀንሰውም፤ የሚቀንሰው እዚሁ መሥራት እንዲችል ማድረግ ነው። የቀሩት ደግሞ ብዙዎች ናቸው። ከልዩ ልዩ አገሮች የተሰበሰቡ ጥናቶች እንደሚያሳዩት አንድ ተጨማሪ የትምህርት ዓመት የሰውን ገቢ በአማካይ ወደ 9 በመቶ ያሳድጋል።

ተረት 6፦ «ትንሽ አገር ምን ይመራመራል?»

ከአይሻ ቀጥሎ ደወሌን ተሻግሮ ያለው ጎረቤት መልስ አለው። አንድ ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ያላት ጅቡቲ በኅዳር 2016 ጅቡቲ 1ኤ የተባለች የመጀመሪያ ሳተላይቷን አመጠቀች። መሐንዲሶቿ የሠለጠኑት ፈረንሳይ፣ ሞንፔልየ ነው። ሳተላይቷ አነስተኛ ናት፤ ሥራዋም የተመረጠ ነው፦ በአገሪቱ ከተተከሉ የአየር ንብረትና የመሬት መንቀጥቀጥ መለኪያ ጣቢያዎች መረጃ ትሰበስባለች። ጅቡቲ ሁሉንም ልመራመር አላለችም፤ ለራሷ የሚያስጨንቃትን መረጠች።

ለእኛም መንገዱ ይኸው ነው። የግመልን በሽታ፣ የቆላን ሣር፣ የአይሻን ነፋስ ሌላ አገር ዋና ጉዳዬ ብሎ አያጠናልንም። ከጠፈር ሆኖ የመሬቱን ልምላሜ በመለካት፣ ሣሩ ከተወሰነ መጠን ሲወርድ እንስሳው ሳይሞት ለአርብቶ አደሩ ገንዘብ የሚከፍለው የእንስሳት መድን በሶማሌ ክልል መሠራት የጀመረው ለቆላ አርብቶ አደር ችግር ተብሎ በተደረገ ምርምር ነው። የጅግጅጋ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምናና የደረቅ መሬት ግብርና ኮሌጆች አሉት፤ ክልሉም የራሱ የአርብቶ አደርና ከፊል አርብቶ አደር ምርምር ተቋም አለው። ቤቱ ተሠርቷል፤ የሚጎድለው የማይቋረጥ በጀት ነው። የአፍሪካ አገሮች ከጠቅላላ ምርታቸው 1 በመቶውን ለምርምር ለማዋል ተስማምተዋል። የኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2017 የነበረው 0.27 በመቶ ነው። ከመቶ ብር አንድ ብር ለማዋል ተስማምተን 27 ሳንቲም አውለናል ማለት ነው።

እንግዲህ ምን እንጠይቅ?

በጀት የሚጸድቀው ሐምሌ 1 ከመግባቱ በፊት ነው፤ ክርክሩም መሞቅ ያለበት ያኔ ነው። አንድ አባት፣ አንዲት መምህርት ወይም አንድ የአገር ሽማግሌ የወረዳ ምክር ቤት ተወካያቸውን ሊጠይቋቸው የሚገቡ ጥያቄዎች ግልጽ ናቸው። ከትምህርት በጀቱ ከደመወዝ ሌላ ለመጽሐፍና ለውኃ ስንት ቀረ? ሰፈሩ ሲንቀሳቀስ ልጆቹን ተከትሎ የሚያስተምር መምህር ተመድቧል? ሦስተኛ ክፍል የደረሰ ልጅ ማንበብ መቻሉን ማን አረጋገጠ? ለክልሉ ምርምር የተመደበው ገንዘብ እስከ ጥናቱ ማብቂያ ይቆያል ወይስ ዓመት ሳይሞላው ይታጠፋል?

ለእነዚህ ጥያቄዎች በቁጥር መልስ የማይሰጥ ተወካይ በጀቱን አልመረመረም ማለት ነው። አይሻ ሐዲዱንም ተርባይኑንም አግኝታለች። ቀጣዩ መሐንዲስና የእንስሳት ሐኪም ከራሷ ልጆች መካከል እንዲወጣ የሚያስፈልገው ገንዘብ ለሐዲዱና ለተርባይኑ ከወጣው ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው። ከዓመት ዓመት ሳይቋረጥ መመደቡ ግን የግድ ነው።