ሰዓቱ በነዘረ ጊዜ ምን ይደረግ?



የልብ ምትን ስለሚከታተለው የእጅ ሰዓቴ የሚጠይቁኝ ሰዎች ስለ በዙ፣ ለእያንዳንዱ በተናጠል ከመመለስ ይልቅ ባንድነት ጽፌ ማቅረቡ የተሻለ መስሎ ታይቶኛል። ጥያቄው አብዛኛውን ጊዜ «የትኛውን ልግዛ?» የሚል ነው፤ እኔ ግን ከዚህ የሚቀድም ሌላ ጥያቄ አለ እላለሁ፤ እርሱም ሰዓቱ በነዘረ ጊዜ ምን ይደረጋል የሚለው ነው። መልሱ አስቀድሞ ያልተሰናዳለት ማንቂያ ለሕሙም የሚያተርፍለት ፍርሃትን ብቻ ነው፤ ፍርሃት ደግሞ በራሱ የልብን ምት ያፈጥናልና በደዌው ላይ ሌላ ደዌ ይጨምርበታል።

የእኔ ደዌ ለሀገራችን እንግዳ አይደለም። በልጅነት የያዘ የጉሮሮ ሕመም በጊዜው ሳይታከም ሲቀር፣ ሰውነት ተሕዋሲውን ለመዋጋት ያስነሣው ኀይል አንዳንድ ጊዜ በገዛ ልቡ ላይ ይመለስና በዓመታት ውስጥ የግራውን ልብ ቫልቭ ያጠበዋል፤ ሐኪሞች ሩማቲክ የልብ ሕመም የሚሉት ይህ ነው። ዶክተር በላይ አበጋዝ የልብ ሕሙማን ሕፃናትን የሚረዳውን ድርጅት እንዲመሠርቱ፣ በ2001 ዓ.ም. በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የልብ ማእከል እንዲከፈት ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ ይኸው ሕመም ነው። ቫልቩ በጠበበ ጊዜ የላይኛው የልብ ክፍል ደሙን ለማሳለፍ ሲታገል ይለጠጣል፤ በመጨረሻም ሥርዐቱን አጥቶ በመምታት ፈንታ ይንቀጠቀጣል፤ ምቱም የተዛባና የፈጠነ ይሆናል። ጠባብ በር ደግሞ ለማሳለፍ ጊዜ ይፈልጋል፤ ልብ በፈጠነ ቍጥር በሁለት ምቶች መካከል ያለው ዕረፍት ስለሚያጥር፣ ደሙ ወደ ሳንባ ተመልሶ ትንፋሽን ያሳጥራል። ስለዚህ ምትን በመድኃኒት ማርገብ እንደ እኔ ላለው ሕሙም የሕክምናው አንዱ ዐምድ ነው።

ሰዓቱ ምቱን የሚያውቀው በጀርባው ካለው አረንጓዴ ብርሃን ነው። ደም አረንጓዴን ብርሃን ይመጥጣል፤ ልብ በመታ ቍጥር በቆዳ ሥር ያለው ደም ስለሚበረክት የሚመለሰው ብርሃን ያንሳል፤ ሰዓቱም ይህን መዋዠቅ ይቈጥራል። ስሕተት የሚገባውም በዚሁ መንገድ ነው። ጥር 23 ቀን በሚውለው ዓመታዊ በዓላቸው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች በእንጅባራ ሲጋልቡ፣ ከፈረሰኞቹ አንዱ ሰዓት ቢያስር፣ ክንዱ ስለሚናጥ የሚቈጠረው የልቡ ምት ይሁን የፈረሱ ኮቴ መለየት ይቸግራል። ከዚህ የሚከፋው ግን የተዛባ ምት ነው፤ ከምቶቹ ደካሞቹ እስከ እጅ አንጓ ስለማይደርሱ፣ ልብ በደረት ውስጥ ሲጋልብ ሰዓቱ ዝቅ ያለ ቍጥር ሊያሳይ ይችላል። ሐኪም ጆሮ ማዳመጫውን ደረት ላይ አድርጎ ትርታውንም በእጁ እየያዘ ሁለቱን የሚያነጻጽረው ለዚህ ነው።

ሰዓቱ ከፋብሪካ ይዞት የሚመጣው ወሰንም ለሁሉ አይሆንም። የአፕል ሰዓት፣ ሰው ሳይንቀሳቀስ ለዐሥር ደቂቃ ምቱ ከ120 በላይ ወይም ከ40 በታች ሲሆን እንዲያነቃ ሆኖ ይሠራል፤ ምቱ የተዛባ መሆኑን የሚያስታውቀው አገልግሎት ደግሞ ሕመሙ ላልታወቀባቸው ሰዎች እንጂ አስቀድሞ ለታወቀባቸው የታሰበ አይደለም። በኔዘርላንድ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ጥናት፣ ምታቸው ዘወትር በተዛባ ሕሙማን ላይ በዕረፍት ጊዜ ከ110 በታች ማድረግ ከ80 በታች ከማድረግ እንደማያንስ አሳይቷል፤ ነገር ግን ቫልቩ የጠበበበት ሰው ዝግ ያለ ምት የሚያሻው ስለ ሆነ፣ የሌላውን ወሰን ለራሱ ሊወስድ አይገባውም። የእኔን ወሰን እዚህ ያልጻፍሁት ስለዚህ ነው።

ከምንኖርባት ከአዘና ወደ ባሕር ዳር፣ ወደ ፈለገ ሕይወት ወይም ወደ ጥበበ ጊዮን ሆስፒታል፣ በየጊዜው መመላለስ ለማናችንም ቀላል አይደለም፤ ስለዚህ ለሐኪሙ የምንወስደው ማስታወሻ ጥሩ መሆን አለበት። በዐቢይ ጾም ወራት ማንቂያዎቹን ከነሰዓታቸው ስጽፍ፣ አብዛኞቹ ከቀትር በኋላ፣ ውኃ ሳይጠጣ፣ መድኃኒቱም እስከ ጾሙ መፍቻ ሰዓት በቈየበት ጊዜ ተከማችተው ተገኙ። ማስታወሻውን ያየው ሐኪም የመድኃኒቱን ሰዓት ለወጠው፤ ለንስሓ አባቴ ባስረዳሁ ጊዜም «ልጄ፣ ለሕሙም ሥርዐት አለው፤ መድኃኒትህን በሰዓቱ ዋጥ፣ ውኃውንም ጠጣ» አሉኝ። (ስትጽፉ ሰዓቱን በሀገራችን አቈጣጠር አድርጉት፤ መሣሪያው ከምሽቱ ሦስትን ዘጠኝ ብሎ ያሳያልና።)

በቤቴ ግድግዳ ላይ የተለጠፈው ሥርዐት ይህ ነው፦

፩. ሰዓቱ በነዘረ ጊዜ ተቀመጥ፤ ክንድህን አሳርፍ፤ ጥቂት ቈይተህ ዳግመኛ ተመልከት።

፪. በአውራ ጣት ሥር ባለው የእጅ አንጓ ላይ ሁለት ጣት አሳርፈህ ሙሉ አንድ ደቂቃ ቍጠር። ምቱ የተዛባ ነውና ዐሥራ አምስት ሴኮንድ ቈጥሮ በአራት ማባዛት ያታልላል።

፫. ቍጥሩን፣ ሰዓቱን፣ የተሰማህንና ከዚያ በፊት ስታደርገው የነበረውን ጻፍ።

፬. ምቱ ሐኪሙ ከሰጠህ ላይኛ ወሰን ካልወረደ፣ እርሱ ያዘዘውን አድርግ፤ መድኃኒት ግን በራስህ አትጨምር፣ አትቀንስም።

፭. የደረት ሕመም፣ ራስን መሳት፣ ተቀምጠህ ሳለ የትንፋሽ ማጠር፣ የፊት መጣመም፣ የአንድ ወገን መዛል ወይም የአንደበት መተሳሰር ከታየ፣ ሰዓቱ ምንም ቢል ሳትዘገይ ወደ ሆስፒታል ሂድ።

የመጨረሻው ትእዛዝ በተለይ ለቤተ ሰብ ነው። በሚንቀጠቀጠው የልብ ክፍል የረጋ ደም ወደ አንጎል ሊሄድ ይችላል፤ ይህን ሰዓት አያየውም። ይህን ለመከላከል የሚሰጠው ደም ማቅጠኛ ዋርፋሪን በልኩ መሥራቱ የሚታወቀው በደም ምርመራ ብቻ ነው፤ ጎመን በጾም ወራት በገበታችን ሲበዛም በውስጡ ያለው ቫይታሚን ኬ የመድኃኒቱን ኀይል ስለሚያደክም፣ አመጋገብን ወጥ ማድረግና ለሐኪም መንገር ይገባል። በልጅነት የተጀመረው ወርኃዊ የፔኒሲሊን መርፌም ሰዓት ተገዛ ተብሎ አይቋረጥም።

እንግዲህ ልትገዙ ያሰባችሁ ሁሉ፣ ከሱቅ በፊት ወደ ሐኪማችሁ ሄዳችሁ ላይኛውና ታችኛው ወሰኔ ስንት ነው፣ ስንት ጊዜ ቢቈይ ልምጣ፣ በመካከሉስ ምን ላድርግ ብላችሁ ጠይቁ፤ የነገራችሁንም ጽፋችሁ ከእናንተ ጋር ለሚኖር ሰው አንብቡለት። ገንዘቡ ያልተገኘለት ሰውም አይዘን፤ ወረቀቱና ሁለቱ ጣቶቹ ካሉት፣ ያለ ወረቀት ውድ ሰዓት ካሰረው ሰው ይልቅ በመልካም ጥበቃ ላይ ነው።