የንጉሥ ዮሜይ ዘመንና የታላላቅ ቤቶች ጠብ በጥንታዊት ጃፓን

የጃፓን ንጉሥ ዮሜይ የነገሡት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ585 እስከ 587 ዓ. ም. ነው። ዘመናቸው አጭር ቢሆንም፥ ብዙ ጊዜ በአዲሱ የቡድሃ ሃይማኖትና በጥንቱ አምልኮ መካከል ጦርነት የተነሣበት ተደርጎ ይተረካል። የዝምድናውንና የቤተ መንግሥቱን ሥርዓት ለሚመረምር ግን፥ ጠቡ ይልቁንም የታላላቅ ቤቶች ጠብ እንደ ነበረ ይገለጣል።

በዚያን ጊዜ በያማቶ እያንዳንዱ ታላቅ ቤት ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ አገልግሎት ነበረው። የሞኖኖቤ ቤት የጦርን ሥራ፥ የናካቶሚ ቤት ካሚ ለሚባሉት አማልክት የሚደረገውን ሥርዓት ይዘው ነበር። የሶጋ ቤት ደግሞ ግምጃ ቤቱንና ከኮሪያ የፈለሱትን ጸሐፊዎችና የእጅ ጥበብ ዐዋቂዎች በመምራት ገነነ። የቡድሃ ሃይማኖት በ6ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ከኮሪያ ከፔክቼ መንግሥት ሲመጣ የተቀበለው ይኸው ቤት ነው። ስለዚህ አዲሱ አምልኮ የሌሎቹን ቤቶች ሹመትና ክብር የሚነካ ነገር ሆነ።

የሶጋ ዋና ኃይል ግን ጋብቻ ነበር። የዮሜይ እናት ኪታሺሂሜ የሶጋ ኢናሜ ልጅ ስለ ነበሩ፥ የቤቱ አለቃ ሶጋ ኡማኮ ለንጉሡ የእናት ወንድም ነበር።

በ720 ዓ. ም. የተጠናቀቀው ኒሆን ሾኪ የተባለው የታሪክ መጽሐፍ እንደሚለው፥ ዮሜይ የቡድሃን ሕግ ያምኑ፥ አማልክቱንም ያከብሩ ነበር። በ587 ዓ. ም. ታመው በቡድሃ ሃይማኖት ለመጠጋት መፈለጋቸውን ለመኳንንቱ በገለጡ ጊዜ፥ ሞኖኖቤ ሞሪያና ናካቶሚ ካትሱሚ ተቃወሙ፤ ኡማኮ ግን ደገፈ። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፥ የቡድሃውን መነኩሴ ወደ ቤተ መንግሥቱ ያስገባው ልዑል አናሆቤ መሆኑ ነው፤ እርሱም ሞሪያ ሊያነግሠው ያሰበው፥ በእናቱም የኡማኮ የእኅት ልጅ የሆነ ሰው ነበር። እንግዲህ ወገን የተለየው በእምነት ብቻ አልነበረም።

ንጉሡ እንዳረፉ ኡማኮ አናሆቤን አስገደለ፤ ቀጥሎም ልዑላኑን አስተባብሮ ሞሪያን በጦር ድል ነሥቶ ገደለው። ከዚያ የአናሆቤን ወንድም ሱሹንን አነገሠ፤ በ592 ዓ. ም. ግን እርሳቸውንም አስገደለ። በምትካቸው የዮሜይ እኅት ሱይኮ ነገሡ። በዚህ ሁሉ መካከል በ588 ዓ. ም. ከፔክቼ በመጡ ጠቢባን የአሱካ ቤተ መቅደስ ሥራ ተጀመረ።

በ645 ዓ. ም. የሶጋ ዋና ዘር ወደቀ፤ ከጣሉትም አንዱ ከናካቶሚ ቤት የተወለደው ካማታሪ ነው። ሆኖም ድል አድራጊዎቹ የቡድሃን ሃይማኖት አልሻሩም፤ ከአንድ ቤት ጥበቃ አውጥተው የመንግሥት ጉዳይ አደረጉት። ያስገባው ቤት ሲጠፋ ሃይማኖቱ ጸንቶ መኖሩ፥ የ587ቱ ጠብ መሠረቱ በንጉሡ አጠገብ የሚቆመው ማን ነው የሚለው ጥያቄ እንደ ነበረ ያስረዳል።