ፎቶግራፍ እንደ ጥንት ሥዕል

በእንግሊዝ አገር በዋይት ደሴት ይኖሩ የነበሩት ወይዘሮ ጁልያ ማርጋሬት ካሜሮን ፎቶግራፍ ማንሣት የዠመሩት በ48 ዓመታቸው ነው። በ1856 ዓ.ም. ሴት ልጃቸውና አማቻቸው መሣሪያውን በስጦታ ቢያመጡላቸው፥ የከሰል ማኖሪያውን ጨለማ ክፍል አደረጉት፤ ዶሮዎቹንም አስወጥተው ባለመስተዋቱን የዶሮ ቤት ለማንሻ አሰናዱት።

ዓይናቸው ግን ያረፈው በዘመናቸው ፎቶግራፍ አንሺዎች ላይ ሳይሆን፥ ከ350 ዓመት ያህል በፊት በነበሩት በኢጣልያ ሠዓሊዎች፥ በራፋኤልና በፔሩጂኖ ላይ ነበር። ስለዚህ ብርሃኑን በመጋረጃ ከልክለው ከአንድ ወገን ያስገቡታል፤ ከኋላ ጨለማ ይተዋሉ፤ የዘመኑን ልብስ በሰፊ ጨርቅ ይሸፍናሉ፤ መልኩንም አጥርተው ከማሳየት ይልቅ ጥቂት ደብዘዝ ያደርጉታል። ለዚህ ብዙ ተነቅፈዋል፤ ለእኛ ግን ፊቱን ሕያው የሚያስመስለው ያው ድብዛዜ ነው። በዚያ ጊዜ ፎቶግራፍ የሚነሣው መድኃኒት በተቀባና ገና ባልደረቀ መስተዋት ላይ ስለ ነበረ፥ ተነሺው ብዙ ጊዜ ሳይነቃነቅ መቆየት ነበረበት። ሕፃን ለታቀፈች ሴት ይህ ምን ያህል እንደሚያስቸግር እናቶች ያውቁታል።

እመቤታችንን መስላ ሕፃን ታቅፋ የምትታየው የቤታቸው ገረድ ሜሪ ሂሊየር ናት። የጥንቱ ሠዓሊዎች ዘዴ ማዕርግ ጨመረላት እንጂ መልኳን አልሸፈነም።

በሐምሌ 1860 ዓ.ም. ግን በዚሁ መሣሪያ ፊት አንድ የአገራችን ልጅ ቀረበ፤ የዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ ደጃች ዓለማየሁ ነው። ዕድሜው 7 ዓመት ነበር። በዚያው ዓመት በሚያዝያ አባቱ በመቅደላ ሞቱ፤ ጥቂት ቈይቶም እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ የእንግሊዝ ጦር ወደ ባሕር ሲመለስ በመንገድ ዐረፉ። ልጁ የአገሩን ልብስ እንደ ለበሰ ተነሣ፤ አማርኛ የሚያውቀውና ባሻ ፈለቃ የሚባለው ካፒቴን ስፒዲም እንደ ኢትዮጵያ ሰው ለብሶ አብሮት ተነሥቷል።

ሜሪ ሌላ ሴት ትምሰል ተብላ ለበሰች፤ ይህ ሕፃን ግን ራሱን ይምሰል ተብሎ ለበሰ። እርሷ ፎቶግራፉ ሲያልቅ ጨርቁን አውልቃ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች፤ እርሱ ወደ ማን ይመለስ? ፎቶግራፉን ስናይ አስቀድመን የምናየው ልብሱን ነው፤ ቀጥሎ ዓይኑን እናያለን፤ ከዚያ በኋላ ልብሱን አናስታውሰውም።

ወይዘሮ ካሜሮን በጥር 1871 ዓ.ም. በሴሎን ደሴት ሞቱ። ደጃች ዓለማየሁም 10 ወር ያህል ቈይቶ በኅዳር 1872 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በ18 ዓመቱ ዐረፈ።