ጨውና የሕዋስ እልፍኝ

«በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» የሚለውን ተረት የማያውቅ የለም። የእንቅርት ምንጩ ግን ከአፈር ይጀምራል። በሐሙሲት አካባቢ ዝናብ ከብዙ ዘመን ጀምሮ አፈሩን እያጠበ በጉማራ ወንዝ ወደ ጣና ያወርዳል። እንዲህ በታጠበ አገር አዮዲን ከመሬቱ፣ ከዚያም ከእህሉ ይጎድላል።

በአንገታችን ያለው ታይሮይድ የተባለው እጢ ከአዮዲን ሆርሞን ይሠራል። ሆርሞን ማለት በደም የሚላክ መልእክተኛ ነው። ነገር ግን መልእክተኞች ሁሉ አንድ አይደሉም። ኢንሱሊን ከሕዋሱ ደጅ ቆሞ ለበረኛው ይናገራል። የታይሮይድ ሆርሞን ግን አስገቢ ፕሮቲኖች ተቀብለውት እስከ እልፍኙ ዘልቆ፣ የትኛው የዘር ትእዛዝ እንዲሠራ፣ የትኛው እንዲያርፍ ያስታውቃል። አዮዲን ሲጎድል መልእክቱ ያንሳል፤ እጢውም ጉድለቱን ለመሙላት ሲደክም ያብጣል። ከእብጠቱ የሚከፋው በማኅፀን ያለው ሕፃን አእምሮ መጎዳቱ ነው።

ለነፍሰ ጡር በቀን የሚያስፈልጋት 250 ማይክሮግራም፣ ይኸውም የአንድ ግራም አራት ሺሕኛ ብቻ ነው። በ2003 ዓ.ም. ለምግብ የሚውል ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት ደንብ ወጥቷል። ስለዚህ ቤተሰቦች ሁሉ አዮዲን ያለበትን ጨው እንዲገዙ፣ ከፀሐይና ከእርጥበት ጠብቀው በክዳን ዕቃ እንዲያኖሩ፣ ወጡ ሊወጣ ሲልም እንዲጨምሩ እንመክራለን። ጨው አብዙ ማለታችን ግን አይደለም።